ምስር፣ ምስሪት

ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤
ልጆቹን ሙቀትና ወሬ አድክሟቸዋል።
ከሦስተኛው ፎቅ በምዕራቡ መስኮት
የሐደራ ጣሪያዎች፣ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ በርሜሎች፣
ከዚያ ወዲያ የመብራት ኃይሉ ጭስ ማውጫዎች
ባሕሩን ተደግፈው ቆመዋል።

የቤተ ሙከራዋ ጋሊና
ሌንሶቹን በልጅ ካልሲ ጠቅልላ ነው የምታኖር፣
አንዱን በቀይ፣ አንዱን በባለነጥብ፣ ጥንድ በሌለው ካልሲ።
"ከሰበራችሁ እኔንም ሰበራችሁ" ትላለች
ሩስኛ በሚጎትተው ዕብራይስጧ።

አንዱን ፈታሁት፤ መሐሉ ወፍሯል፣ ዳር ዳሩ ሳስቷል።
"ይህ ምን ይመስላል?"
"አዳሻ!" አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤
በዕብራይስጥ ምስርም አዳሻ፣ ሌንስም አዳሻ ነውና
ወጥ የቀረበ መሰላቸው።
ሳቃቸውን አላቋረጥኩም፤
በእኔም አፍ እኮ እንዲሁ ነው፣
ከምስር ምስሪት፣ ከምስሪት ምስል፤
አንዲት ፍሬ እህል በሁለት ቋንቋ
ዓይን ሆና በቅላለች።

መብራቱን አጠፋን።
ነጭ ወረቀት ይዤ ከሌንሱ ኋላ
ስጠጋ፣ ስርቅ፣ ደግሞ ስጠጋ
የደፈረሰው ብርሃን ድንገት ጠለለ፤
ጭስ ማውጫዎቹ ጥፍር አክለው
በአናታቸው ተተክለዋል፣
ጭሳቸው ቁልቁል ይፈስሳል፣
ሰማይ ከእግር ሥር፣ ባሕር ከጣሪያ።
"ሞራ! ሞራ! ተገልብጧል!"

(መምህርት ማለታቸው ነው።
አባቴ ይህን የሰማ ቀን
"የእኔ ልጅ ሞራ ተባለች?
ሞራስ ከዓይኔ ላይ አለ" ብሎ
እንባው እስኪወርድ ሳቀ።)

"ከላይ የተነሣው ጨረር ይወርዳል፣
ከታች የተነሣው ይወጣል፤
ደረጃ ላይ እንደምትተላለፉት ነው፣ ሰላም ሳትባባሉ።
የሚገናኙበት ላይ ወረቀት ከጠበቃቸው፣ ምስል።
ካልጠበቃቸው አልፈው ይሄዳሉ።"

ኤልያሽቭ፣ ከመስከረም ወዲህ ቃል ከአፉ ያልወጣ፣
"ካለፉ ምስሉ የለም ማለት ነው?" አለ።
"አለ። እዚያው አየሩ ላይ።
ማረፊያ አጥቶ ነው እንጂ።"

"አሁን ገምቱ" አልኩ፣
"የሌንሱን ግማሽ ብንጋርድ ከምስሉ ምን ይጎድላል?"
"ላዩ!" "ታቹ!" "ጭሱ!"
ዐሥራ ዘጠኝ እጅ ለግማሽ ተነሣ።
ኖጋ በመዳፏ ጋረደችው።

ምንም አልጎደለም።
ጭስ ማውጫዎቹ ሁሉም አሉ፤
ባሕሩም፣ የበርሜሎቹም ጫፍ።
ብቻ መሸ።

ያን ጊዜ ማስረዳት ነበረብኝ፤
የሌንሱ እያንዳንዷ ቅንጣት ሙሉውን እንደምታሳይ፣
የተጋረደው ብርሃኑን እንጂ ሥዕሉን እንደማይወስድ።
አባቴ ቀደመኝ።
ዓይን ክፍል ውስጥ፣ የፕላስቲኩ ወንበር ላይ፣
"ምን ያህል ያያል?" ብሎ ሐኪሙ እኔን ጠየቀኝ።
አባቴ አንገቱን አቅንቶ፣
"ሁላችሁም አላችሁ፣ ማንም አልጎደለም፤
ብቻ መሽቷል በይው" አለኝ።
እኔም ወደ ሐኪሙ ዞሬ፣
የፊዚክስ መምህርቷ፣
"ግማሽ ያያል" ብዬ ተረጎምኩ።

ደወሉ ዘፈነ፤ ወንበሮች ተንጫጩ፤
ጋሊና መጥታ ካልሲዎቿን ቆጠረች፤
ባለነጥቡ ባዶ ነው።
"አምስት ደቂቃ" አልኳት በዓይኔ።

ኤልያሽቭ መስኮቱ ዘንድ ቆሟል፤
ወረቀት አልያዘም፤
ግራ መዳፉን ዘርግቶ
ያቀርባል፣ ያርቃል፣
እስኪያርፍለት ድረስ፤
ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ዝም፤
ጭሱ ወደ አንጓው እየወረደ።