ድንጋይ ለቀማ

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኔ ግን ገና በአሥራ ሁለት፣
የአንገረብ ጉም ሳይነሣ፣ ጋሪዬን እየገፋሁት፣
ከሜዳው ጀርባ እገባለሁ፤ ዘበኛው ያውቀኛል፤
«ዛሬስ ስንት ኩንታል ትለቅም ይሆን?» ይለኛል።

ከደረጃው ሥር፣ ከቦዩ፣ ከተፈረፈረው ሲሚንቶ፣
ጡብ ስባሪው፣ ኮረቱ፣ የጡጫ ያህሉ ተለይቶ፣
እለቅማለሁ። ድንጋይ ክፉ አይደለም፤ ስድብ አይሰማም፤
እጅ ካላገኘ በቀር ከተኛበት አይነሣም።
ጎንደር ድንጋይ ቸግሯት አያውቅ፤ ግንቡም አጥሩም ከዚያው ነው፤
የካበውም፣ የወረወረውም፣ ያው የሰው እጅ ነው።

ሰው ሁሉ «ዳኛው ነው» ይላል፤ «ፍጹም ቅጣት ምት ከለከለ»፤
እኔ የማውቀው እሳት ግን ከፊሽካው በፊት ተቀጣጠለ፤
በሩ አንድ ብቻ ሲከፈት፣ ሺህ ሰው በደረት ሲገፋ፣
ትኬት የቆረጠው ሁሉ «ሞልቷል» ሲባል፣ ሲከፋ፣
ከአዘዞ በእግሩ የመጣው ጥሙን በስድብ ሲያስታግስ፣
ፖሊሱ ገና ሳይመታ ዱላውን በመዳፉ ሲዳስስ።

ያን ቀን እኔም ነበርሁ፤ ከጎል ጀርባ፣ ሦስተኛው ረድፍ፤
ከኪሴ የሥራ ማመልከቻ፣ ለስድስተኛ ጊዜ ሲታጠፍ።
ማንደፍሮ ከበሮውን መታ፤ መጀመሪያ ለጭብጨባ፣
ኋላ ምቱ ተለወጠ፤ ደረቴ ውስጥ ገባ።
«እኔ» የምትል ቃል ነበረችኝ፤ ከአፌ ወጣች፣ ጠፋች፤
«እኛ» ሆና ተመለሰች፤ ብዙ ሆነች፤ ፊት አጣች።
እጄ ወደ መሬት ወረደ፤ ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ይዞ መጣ፤
ማንን እንደጠላሁ አላውቅም፤ ብቻ ድንጋዩ ከእጄ ወጣ።

ለመስመር ዳኛው ነበር፤ ሳተ። አንጓችን አገኛት፤
ውሃ በሣጥን ተሸክማ፣ ከቅንድቧ በላይ ፈነከታት።
ሃይላንዶቹ ተንከባለሉ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ፤
እኔም ከሕዝቡ ጋር ሮጥሁ፤ ሸሸሁ በቀሃ መንገድ።

በነጋታው ሬዲዮው «ጥቂት ሥርዓት አልበኞች» አለ፤
እናቴ «እጃቸው ይቆረጥ!» አለች፤ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ዋለ።

አሁን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ በር እቆማለሁ፤
«አራቱም በር ይከፈት» ብዬ ስብሰባ ላይ እከራከራለሁ፤
እንግዶቹ የኛ ሰው እስኪበተን ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤
ውሃ ይሰጣቸው፤ ፊታቸውን የኛ ልጆች ቀርበው ይዩ።
ማንደፍሮንም ለመንሁት፤ ሦስት ቀን እምቢ አለኝ፤
«ከበሮ ምን አጠፋ?» ብሎ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ፤
ዛሬ ስድብ ሲጀመር እጁን ቆዳው ላይ ያሳርፋል፤
ያቺን ዝምታ ብታያት! ሺህ ሰው የራሱን ድምፅ ሰምቶ ያፍራል።

ሁልጊዜ አይሠራም። ባለፈው ወር ሁለት መስታወት ተሰብሯል፤
የእንግዶቹ ሾፌር ግንባሩን በነጠላ አስሮ ሄዷል።

ነጋ። ጋሪው ሞላ። አንጓች ከበሩ አጠገብ ደረሰች፤
የላስቲክ ዳሷን ዘረጋች፤ ጫፉን በድንጋይ አስያዘች።
ጎንበስ አልሁ፣ ላነሣው። «እሱን ተው» አለች፤ «እሱ የኔ ነው፤
ከፍዬበታለሁ።» ጠባሳዋን በጣቷ ጫፍ ነካችው።
አምስት ስፌት። ታውቅ ይሆን? አልጠየቀችኝም። አልነገርኋትም።
ያን ድንጋይ ከሺህ መሐል እለየዋለሁ፤ ቀና ብዬ ግን አላየኋትም።

«ውሃ ልስጥህ?» አለችኝ። እጄ አቧራ ነበር። ተቀበልሁ።
ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ፣ ሳልከፍታት ይዣት ቆምሁ።