የድካም ደብተር

ሰኔ ሠላሳ ማታ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ፣
አዛናው መዝገቡን ዘጋ፤ ከፈተው ደግሞ በዝግታ።
«ማሽኑ ሌት ተቀን ዞረ፤ ወረቀቱ ሁሉ አለቀ፤
ትርፉ የት ገባ? ንገሪኝ! ከመሬት በታች ጠለቀ?»

ዝም አልኩት።

ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ ኪራዩን፣ አንድም ነገር ሳይቀር
ጽፌያለሁ፤ የፒያሳን መብራት መጥፋት እንኳ ሳይቀር፤
ግን ሁሉን በአንድ ቋት ከትቼ እኩል ነበር ያካፈልኩት፣
ዝምተኛውን ደንበኛ የጯሂውን ያስከፈልኩት።

በማግስቱ ደብተር ገዛሁ፤ ሰማያዊ፣ ባለ መስመር።
ብር አልጻፍኩበትም፤ ድካም ጀመርኩ ልቆጥር፦
ስንት ጊዜ ስልክ ተነሣ? ስንቴ ናሙና ታረመ?
ባጃጅ ስንቴ ተላከ? ማሽኑስ ስንት ሰዓት ቆመ?
ዱቤ ፍለጋ ስንት ቀን ዳገት ወጣሁ በዚህ ጫማ፣
«የሉም፣ ነገ ነይ» የሚል ቃል ከዘበኛው አፍ ልሰማ?

ነሐሴ ላይ ሒሳቡ ወጣ።

ያ ትልቁ ሆቴል፣ ኩራታችን፣ ስሙን በራችን ላይ የሰቀልነው፣
የምግብ ዝርዝሩን አሥራ አንድ ጊዜ ያስቀየረው፣
«ይህ ቀይ ሌላ ቀይ ይሁን» ብሎ ሌሊት የሚደውለው፣
ለካ በከፈለን መቶ ብር ላይ ዘጠኝ እኛን ነው የሚያስከፍለው።
ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚሉት ተረት
ደንበኛችን ኖሯል፤ ደረሰኝ የምንቆርጥለት።

ከቆላ ድባ በወር አንዴ ብቅ የሚሉት አቶ ጓዴ ግን
«የወፍጮ ቤት ደረሰኝ፣ አምስት ጥራዝ፣ እንደ ልማዴ»፣
ከፍለው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ ሳይቀመጡ የሚሄዱት፣
ወንበር አቅርበንላቸው አናውቅም፤
እሳቸው ናቸው ቤቱን የያዙት።

አዛናው ሁለቴ አነበበው። «እናባርረው ሆቴሉን?»
«ኧረ የለም» አልኩት፣ «ዋጋ እናውጣለት ለአመሉ።
ሁለት እርማት በነፃ ነው፤ ከሦስተኛው ግን ይክፈል።»
መስከረም ላይ ሆቴሉ
በሁለተኛው ናሙና ፈረመ፤ ቀዩም ያው ቀይ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ።
ወይዘሮ ባንቺአየሁ መጥተው ነበር፣ በሐምሌ ጭቃ፣
ለልጃቸው አርባ ሃያ ፎቶ ሊያሳትሙ።
አራት ጊዜ ተመለሱ። «ዓይኑ እንዲህ አልነበረም፣
ሲስቅ ግራው ጠበብ ይል ነበር» እያሉ፤
አራት ጊዜ አጠበብኩት።
ያንን አልጻፍኩትም።

ስለዚህ ደብተሩ ትክክል አይደለም፤
ሦስት ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል።
አዛናው ያውቃል መሰለኝ፤
በዚያ ገጽ ላይ ጣቱን አቆየና
ምንም ሳይጠይቀኝ ገለጠው።