ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ሳቢያን ነው፤ ሰኔ ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
ጥላ ራሱ ከኒሙ ሥር ጥላ ፍለጋ ይወጣል።
ክንፎቿ ተነቅለው ግድግዳ ታከው ቆመዋል፣
ክፍል ረብሸው እንደ ተቀጡ ልጆች።
እኔ ሆዷ ውስጥ ነኝ፣ ጉልበቴ አገጬን ነክቶ፣
ሽኩሪ ከጎማው ሥር፣ በጀርባው ተዘርግቶ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ
በጉሉኮስ ቱቦ ወደ ጠርሙስ የሚወርደውን ያያል።
«ርገጪ።»
እረግጣለሁ።
«ያዢ።»
እይዛለሁ። ቡሎኑን ሩብ ዙር ይፈታል፣
ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣
መልሶ ያጠብቃል።
«ልቀቂ።»
እንዲህ ከጧት እስከ ዙህር አዛን።

ሞተሯ ከቮልስ፣ ጎማዋ ከቬስፓ፣
ፍሬኗ ከባጃጅ፣ አውራ ጣት የምታህል ፖምፓ።
ስድስት ዓመት ሲሠራት ሰፈሩ የጠየቀው
አንድ ነገር ነው፦ መቼ ነው የምትበረው?
እንዴት እንደምትቆም የጠየቀው የለም።
ሚስቱ ፈቲያ ብቻ፦
«ልብስ የማሰጣበትን ግቢ መቼ ነው የምትመልስልኝ?»

ባለፈው ቅዳሜ፣ በሽንሌ በኩል፣ ሜዳ ላይ ሊያንደረድራት
ግራ እግሯ ፍሬኑን ሰማ፣ ቀኙ አልሰማም አላት፤
ዞረች፣ ዞረች፣ አቧራ ተከናንባ
ግመል መሃል ገባች፣ ሳይጠሯት ሰርግ እንደምትገባ።
የግመል ሐኪም ነኝ።
የአንዲቷን ቁርጭምጭሚት አራት ቦታ ሰፋሁ፤
ሽኩሪን የተዋወቅኩት ያኔ ነው፣ ገመዱን ያዘልኝ።
ዛሬ የእሱን እኔ ልያዝ ብዬ መጣሁ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» ይላል ከታች፣ ድምፁ ብረት ብረት እያለ፣
«ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ። ሰው የሚያውቀው ነጂውን ነው።
ያኔ ንፋስ አሽከሬ ነበር፣
በቱቦ ስልከው ሄዶ ሃያ ፉርጎ የሚያስር።
ዛሬ ያው ንፋስ ሌባ ሆኖ መጣብኝ፣
ቱቦዬ ውስጥ አድፍጦ ፍሬኔን በላብኝ።»
ያው ንፋስ ነው እኮ፤
ክንፏ ደጅ ይጠናዋል፣
ፍሬኗ ይረግመዋል።

ደግሞ አረፋ። ደግሞ አንድ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል።
ፔዳሉ የባለዕዳ ቃል ነው፦
ሲጫኑት እሺ፣ ሲደገፉት የለም።
ጠርሙሱ ሁለቴ ሞላ፤ የዘይቱ ጣሳ ጎደለ፤
ሽኩሪ በሦስት ቋንቋ ተሳደበ፣ በአራተኛው ዝም አለ።

ዝምታው ውስጥ የገዛ እጄ ትዝ አለችኝ፦
ግመል ከመውጋቴ በፊት መርፌውን ወደ ሰማይ አቀናለሁ፣
በጥፍሬ ነካ፣ ነካ፤
ንፋሱ መንገዱን ያውቃል፣
ማንም ሳይገፋው ይወጣል።
«ሽኩሪ» አልኩት፣ «ወደ ላይ መሄድ የሚወደውን
ከጧት ጀምሮ ለምን ወደ ታች እንጎትተዋለን?»

ተንፏቆ ወጣ። ቅንድቡ ላይ ዘይት።
ሳቀ አልልም፤ ጥርሱን አየሁት።
ከቦርሳዬ ትልቁን ሲሪንጅ፣ የግመሉን፣ አዲሱን፣ ሰጠሁት።
ከጎማው በኩል፣ ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ አድርጎ ገፋ፤
እኔ የዘይቱ ዕቃ ላይ ተደፍቼ እቆጥራለሁ።
አንድ ወጣች። ሁለት። እንደ ሕፃን ግሳት፣ ትንንሽ።
ከዚያ አንዲት ትልቅ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ተደብቃ የከረመች የምትመስል፣
ጷ!
ከዚያ ዘይቱ ጥርት ብሎ ዝም አለ።

ሽኩሪ ገብቶ ተቀመጠ። ረገጠ። ፔዳሉ ድንጋይ።
ደግሞ ረገጠ። እግሩን አላነሳም፤
መሪውን አልነካም፣ ሰማይም አላየም።

በግንቡ ላይ የናስር ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ያ የጎረቤት ልጅ፦
«በረረች?»
«ቆመች!» አለው ሽኩሪ፣ ግቢው እስኪያስተጋባ፣
«ቆመች እኮ!»

ማታ፣ ሙቀቱ ሲሰበር፣ ሰው አንድ ሁለት እያለ ይገባ ጀመር፣
እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፦
«አይዞህ ሽኩሪ፣ ቆመች አሉ፤ ምኗን ነው?»
ፈቲያ ለሁሉም ሻይ ቀዳች፣
አላስተባበለችም፤
የታጠበ አንሶላዋን ግራ ክንፉ ላይ አሰጣች።