ዛንዚባርን የበላው ቆርቆሮ

ሁለት ዓመት ሙሉ በዱቄት ወተት ጣሳ
ብር አጠራቀምን፣ ቀንሰን ከምሳ።
"ዛንዚባር" ይል ነበር የጣሳው ላይ ስሙ፣
በጥሩወርቅ እጅ ጽሕፈት፣ ሐምራዊ ቀለሙ።
በባሕሩ መልክ እንኳ ተኳርፈን አድረናል፤
እኔ "ሰማያዊ"፣ እሷ "አረንጓዴ"፤
ውሃ ሲባል የምናውቀው ቦዬን ብቻ፣
ያውም ጉማሬው ብቅ ሲል አንዳንዴ።

አምና ክረምት ገባ። የጅማ ክረምት
ደጅ አይጠናም፤ ዘው ይላል እንደ አማት።
ጣራው ዝጎ ኖሮ፣ ወንፊት ሆኖ ኖሮ፣
አልጋው ላይ ሳፋ፣ ወለሉ ላይ ድስት፣
ሌሊቱን ሲደለቅ እንደ ከበሮ።
ሠላሳ ስድስት ቅጠል ገዛን፤
ሚስማሩን፣ አናጢውን ጨምሮ
ጣሳው ተራቆተ። ዛሬ ስኳር አለበት።
ዛንዚባርን በላው ቆርቆሮ።

አሥረኛ ዓመታችን ግን ዘንድሮ መድረሱ አልቀረም።
"ግድ የለም" አለችኝ፣ "ባሕሩ ቢቀርም
ሥጋ እንብላ እንደ ቱሪስት፣ ሹካና ቢላ ይዘን።"
ጥቁር መነጽር አደረገች፣ ያውም በደመና ቀን።
ከፈረንጅ አራዳ በባጃጅ ወረድን
አዌቱ ድልድይ ጥግ፣ ዋቅቶላ ሥጋ ቤት፤
"ለሽርሽር ነው" ብላ ነገረችው ለሹፌሩ፣
ዋጋ ሲጨምርባት ገባት የአፏ ስሕተት።

ሜኑው አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እጅ ላይ ይጣበቃል።
ከጎድን ጥብስ በታች "ስቴክ" ተብሎ ተጽፏል።
ወይንቱ፣ አስተናጋጇ፣ እንደ ሸመደደችው፣
"በደንብ ይብሰል? መሃል? ወይስ ደሙ ይታይ?"
ጋሽ ዋቅቶላ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣
"በሬው የሰቃ ነው፤ ሲደርስ ይደርሳል፤ ምን ይባላል ከዚህ በላይ!"

ፊት ለፊታችን የባንክ ካላንደር፤
አሸዋ፣ ዘንባባ፣ አንዲት ነጭ ጀልባ፤
ሚያዝያ ላይ እንደ ቆመ ነው፣ ነሐሴ ሲገባ።

ሥጋው ሳይመጣ ዝናቡ መጣ።
አዌቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ወጣ።
የሊስትሮ ሳጥን አለፈ፣ አንድ እግር ጫማ አለፈ፣
የላስቲክ ወንበር፣ ማንም ያልተቀመጠበት፣ ቀስ እያለ ቀዘፈ።
መብራት ጠፋ።
ያ ሹፌር፣ ሙዘይን፣ ባጃጁ እስከ ሆዱ ሰጥሞበት
ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፣ ከሰሉ ዳር ቁጢጥ አለበት።
ጋሽ ዋቅቶላ አየው፤ ሥጋውን አየው፤ ሳይናገር ሻይ ቀዳለት።
"ሥጋው የናንተ፣ እሳቱ የጋራ" አለና ሙዘይን ሳቀለት።

ደሴት ማለት
በአራቱም ማዕዘን ውሃ የከበበው የብስ ነው።
ሃያ ዓመት በጠመኔ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
አሁን ገና፣ ጀርባዬን ሲበርደኝ፣ ገባኝ።

ስቴኩ መጣ። እንደ መዝገበ ቃላት ወፍራም፣
ዳር ዳሩ አርሮ፣ መሃሉ የንጋት ሰማይ።
ቢላዬ ተንሸራተተ፤ ቁራጩ ተፈናጥሮ
ካላንደሩ ላይ አረፈ፣ ከጀልባዋ በላይ።
ጥሩወርቅ ሹካዋን አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣
በእጇ ቦጨቀችው፣ ሚጥሚጣ አስነክታ አጎረሰችኝ፤
"አንድ ያጣላል" ብላ ደገመች።

ከዚያ ጆሮዋ ከኔ ጋር አልነበረም፤
ጣራ ታዳምጣለች፣ የሰው ቤት ቆርቆሮ።
"ልጆቹ ተኝተው ይሆናል" አለች፣
"ደረቅ አልጋ ላይ። አሮጌው ጣራ ቢሆን ኖሮ..."
አልጨረሰችውም።

መነጽሯን አወለቀች። በሩ ላይ ቆምን፣
ወደብ ላይ ጀልባ እንደሚጠብቅ ሰው።
ሙዘይን "መሻገሪያ መቶ ብር!" ብሎ ቀለደ።
ማዶ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ጠፍታለች ጅማ።
"ሁለታችንም ተሳስተናል" አለችኝ፣
ጎርፉን በስልኳ መብራት እያየች፣
"ባሕሩ ቡናማ።"