በጅብሪል ቦታ

አሰልጣኝ ዘርጋው ስም ሲጠራ ከወረቀቱ ቀና አይልም፤
በዚያ እሑድም አላለም።
በረኛውን ጠራ፣ አራቱን ተከላካይ፣ ሁለቱን አማካይ፣
ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልክ እንደ ተራ ጉዳይ፦
«በአስር ቁጥር ቦታ ናስር ይገባል፤
ጅብሪል ይቀመጣል።»

የመልበሻ ቤቱ አሮጌ ማራገቢያ
እየተንቋቋ ዞረ፤
ከእሱ በቀር ድምፅ አልነበረ።
ናስር እኔ ነኝ።
የገንደ ቆሬ ልጅ፣ ባለ ሃያ ሁለት ቁጥር፣
ዓመት ሙሉ ያሞቅኩት ነገር ቢኖር
አግዳሚ ወንበር።

ጅብሪል ግን ጅብሪል ነው!
የደቻቱ አሸዋ አቅፎ ያሳደገው፣
ጎርፍ ካልመጣ በቀር ከኳስ ማን ሊለየው፤
ከዚራ ጸጉር ቤት ፎቶው የተሰቀለ፣
በባጃጅ ጀርባ ላይ ስሙ የተሳለ፣
መጋላ ቢገባ፣ ሳቢያን ቢወጣ ሻይ የሚከፈልለት፣
ክርስቲያን ጎረቤቱ ለግራ እግሩ ጤና ቁልቢ የምትሳልለት።

ድምፅ ማጉያው ስሜን ሲያነብ
ሕዝቡ የተሳሳተ መሰለው፤
«ድገመው!» አለ አንዱ። ደገመው።
ያን ጊዜ ፉጨቱ ወረደ፤
የውሃ ላስቲክ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣
አንድ ነጠላ ጫማም፣ የማን እንደሆነ እንጃ፣ ሜዳ ገባ።
«ዘርጋው ተሽጧል!»
«ስንት ከፈሉህ? እኛ እንጨምርልሃለን!»
«ነጥብ ከጣልን እኮ ወራጅ ነን፣ ወራጅ ነን!»
ወንድሜ እንኳ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣
ከሰው ላለመለየት አብሮ አፏጨብኝ።
ሰውየው ክንዱን አጣጥፎ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ቆመ፤
የሰማ ይሁን ያልሰማ፣ ፊቱ ምንም አልተረጎመ።

እኔ ሮጥኩ።
አየሩ ከመሬት ይነሳል፣ ትኩስ ነው፣ ጉሮሮ ይዘጋል።
ኳስ እግሬን በነካች ቁጥር
«ጅብሪል! ጅብሪል!» ይላል ከተማው፤
የራሴ ላብ እየወረደኝ
የምጠራው በሰው ስም ነው።

እረፍት ላይ ማንም አላናገረኝም።
ጅብሪል ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ፤
አላየኝም። የጫማውን ክር ይፈታል፣ ያስራል፣ ይፈታል፤
«ያ ሦስት ቁጥር» አለ፣ «ቀኝ እግርህን ነው የሚጠብቀው፤
በግራ ከመጣህ ይተኛል።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።

በስድሳ ሰባተኛው ደቂቃ በግራ መጣሁ።
ተኛ።
መታሁ።
ብረቱ ጮኸ፣ ባቡር ሊነሳ ሲል እንደሚደወለው፣
እንደ ጥንቱ የለገሃር ደወል፤
ስታዲየሙ በሙሉ ተነስቶ ቀረ፣ እጁን ራሱ ላይ እንዳኖረ።
ባዶ ለባዶ።
በአንድ ነጥብ ወረድን።

ማታ ባጃጅ ሁሉ ዘርጋውን እንዳላየ አለፈ።
በከዚራ ዛፎች ስር፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣
ብቻውን አዘገመ፤
ሃዲዱ ጋ ሲደርስ ከጫማው ጠጠር ሊያወጣ ቆመ።
ከኋላው ነበርኩ። «ለምን?» ልለው አፌን ከፈትኩ፤
ቀድሞኝ «ጉልበትህ ላይ በረዶ አድርግበት» አለኝ፤
መታመሙን ለማንም አልነገርኩ።

ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ጫት ቤቱ አልተስማማም።
ከሠርግ አድሮ ስለመጣ ነው ይላል አንዱ፤
በብድር ተጣልተው ነው ይላል ሌላው፤ ቅናት ነው ይላል ዘመዱ።
ጅብሪል ራሱ፣ ታይዋን ሰፈር፣ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱቅ፣
ስጠይቀው ይስቃል፦ «እኔ ምን አውቄ፣ ያስቀመጠኝን ጠይቅ።»

እኔ ያለችኝ ያች ወረቀት ናት፤
ከማራገቢያው ስር ወድቃ ያነሳኋት።
በእጁ ላብ ርሳ ደርቃለች።
አስር ቁጥሩ ጋ ጅብሪል ተጽፎ ተሰርዟል፤
እንደገና ተጽፎ፣ እንደገና ተሰርዟል፤
ሦስተኛው ጅብሪል ግን አልተሰረዘም።
የእኔን ስም ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት፣
ገልብጬም አየሁ፤
የለም።