ልበ ሰፊ

እናቱ ስም ስታወጣ «ይበልጣል» አለችው፤
ከማን እንደሚበልጥ ግን ሳትነግረው ተወችው።

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፤
ጣሳ ሙሉ ሲሚንቶ፣ መሐሉ ቧንቧ ብረት፤
መስታወት አንድ ብቻ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ፤
ይበልጣል ከፊቱ ቆሞ ራሱን እየጠየቀ፣
«ዛሬም ቀጭን ነኝ አይደል?» ይለኛል ዞር ብሎ፣
ክንዱ ከጭኔ ወፍሮ፣ ደረቱ በር አክሎ።

መርፌውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ልናገር።
ጋዜጣ የለበሰ፣ ፊደሉን የማላውቀው ጠርሙስ ነበር።
«ለፈረስ ነው ይላሉ፤ ያበረታል» አልኩት። ሳቀ።
«ፈረስ ደክሞት አይተሃል?» አለና ቀበቶውን አወለቀ።
እሱን ወጋሁ። ራሴን ልወጋ ስል እጄ ራደ፤
ፍርሃት እንጂ ብልሃት አልነበረም። እሱ ግን በዚያው ነጎደ።

እምቦጭን ታውቁታላችሁ፤
ጣና ላይ ተንጣሎ ከሩቅ ሲያዩት መስክ ነው፣
ሐምራዊ አበባው ሠርግ የተጠራ ሰው፤
ግንዱን ጨምቁት፣ አየር፤ ከሥሩ ግቡ፣ ድቅድቅ፤
መቅዘፊያ ይዞ የሚያስቀር፣ ዓሣውን በቁሙ የሚያንቅ።

እንዲያ ነበር ያበጠው። ሰፈር «ግርማ!» ሲል ሰማሁ፤
እኔ ግን፣ አብሬው አዳሪ፣ ሸሚዙ ሲወልቅ አየሁ፤
ጀርባው ላይ ብጉሩ እንደ በርበሬ የተሰጣ፣
ሌሊት ደረቱን ጨብጦ አየር ፍለጋ ሲወጣ፣
ለአንዲት ቀልድ ወንበር አንስቶ ከአጎቱ ሲማታ፤
ደግሞም አንድ ማታ፣
ደንገሉ አጠገብ ተቀምጠን ድምፁን ዝቅ አደረገና፣
«ወንድነቴ ከዳኝ» አለኝ፤ ፊቱን መለሰ ወደ ጣና።
ጉማሬ ከማዶ አጓራ። እኔ ዝም አልኩ።

ነሐሴ ላይ፣ ታንኳ ሊስብ፣ ያችን ሕፃን የሚጎትታትን፣
ጎንበስ አለ፤
ጭቃው ተቀበለው፣ ከነሃያ ሦስት ዓመቱ።

ፈለገ ሕይወት፣ ሐኪሟ ጥቁርና ነጭ ምስሉን እያሳየች፣
«ልቡ ሰፍቷል» አለች።
እናቱ ውዳላት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣
«ድሮስ! ልጄ መች ቂም ያውቃል? ልበ ሰፊ ነው» ስትል መለሰች።
ሐኪሟ እኔን አየች። እኔ መስኮቱን።

ዛሬ ከበር እስከ ሐይቁ ሦስት ጊዜ ያርፋል፤
እምቦጭ የሚነቅሉትን ድንጋይ ላይ ሆኖ ይቆጥራል።
«አሁንስ ቀጭን ነኝ?» ይለኛል።
ነው።
እናቱ ግን እስከ ዛሬ ግር ይላታል፣
ሐኪም ያመሰገነው ልብ ለምን በቀን አራት ክኒን እንዳሻው።
ትጠይቀኛለች።
«ያበረታል» እላታለሁ።
ለእሱም ያልኩት ይህንኑ ነበር።