የእጅጌ ልክ

ስፒል በከንፈሬ ይዤ ነው የማወራሽ፤
ቃሌ ቢንሻፈፍ እንዳይከፋሽ።
ጫማሽን አውልቂ ኦስናት፣ በይ ቀና በይና፤
ሆድሽንም አትሳቢ፤ ሆድ ተስቦ የተለካ ቀሚስ
እራት ላይ ያጣላል፤ አይቻለሁና።

ሱቁ የፍሪዳ ነው፣ መቀሱ ግን የኔ፤
ቤርሼቫ፣ አሮጌው ሰፈር፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
ሃያ ሁለት ዓመት ነጭ ጨርቅ ላይ ያረጀ ዓይኔ።

የመጀመሪያው ቬሎ እንደ ዓሣ ጅራት የጠበበ ነበር፤
ለዳሌሽ ምን አለው! ጉልበትሽን ግን አሠረሽ፤
ሁለት እርምጃ ሄደሽ «ፍሬን ያዘብኝ» ብለሽ ሳቅሽ፤
እኔም ሳቅሁ፤ አወለቅሽ።

ሁለተኛው ትከሻው ላይ እንደ ዳቦ ያበጠ፤
ያንቺ ትከሻ ሰፊ፣ ደግሞ ከላይ ምን ተቀመጠ?
እናትሽ እንግዳዬ «ልዕልት መሰልሽ» አለች፤
ፍሪዳም ዋጋውን አይታ «እውነት ነው» አለች።
የመሰልሽውስ ቁም ሣጥን ነው፤
ደፍሬ የምናገረው ገንዘቡ የኔ ስላልሆነ ነው።

ሦስተኛው ይሄ ነው።
ዶቃ የለው፣ ጥልፍ የለው፤ ከጡትሽ ሥር ተቆርጦ
ዝም ብሎ የሚፈስ፣ አጭር ወገብሽን አስረዝሞ፤
አንገቱ ወደ ታች ሾል ያለ፣ የትከሻሽን ስፋት የሚከፍል፤
እጅጌው እስከ አንጓሽ ድረስ ዳንቴል።

«እጅጌው ረጅም ይሁን» ስትዪኝ፣ ገና በስልክ፣
ለረቢው መስሎኝ ነበር፣
ወይ ለአማትሽ ዓይን፣ ወይ ለየካቲት ብርድ።
ሹራብሽን ስታወልቂ ነው ነገሩ የገባኝ፤
ቀኝሽ የእናትሽ እጅ ነው፣ ጠይም፣ ቅቤ የጠገበ፤
ግራሽ ከክርኑ ወዲህ ጠቁሮ የሌላ ሰው መሰለኝ።
«መስኮቱ ነው» አልሽ ቀስ ብለሽ፤
ከቤርሼቫ ዲሞና፣ ከዲሞና ቤርሼቫ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ነድተሽ፤
ጠዋት ስትሄጂ ፀሐዩ በግራ፣
ማታ ስትመለሺም በግራ፤
ቂም ያለው ይመስል፣ ቀኝሽን አንድ ቀን ሳይጎበኝ።
«ፎቶው ላይ ሁለት ሰው እንዳልመስል።»

እሺ። የሰው ገመና መርፌ ይዞ መስማት ሥራዬ ነው።
ስስ ዳንቴል አመጣሁ፤ በቀዳዳው ግራሽ ታየ።
ወፍራም አመጣሁ፤ ቀኝሽ ታፈነ።
ከሥሩ ገበር አደረግሁለት፤
ያኔ ሁለቱም እጆችሽ እኩል ነጡ፣ እኩል ዝም አሉ።

ቁልፉን ጨረስኩ፤ እናትሽ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።
«እጅሽን ዘርጊ» ብልሽ፣ ልማድ ሆኖብሽ
መስታወቱ ፊት የማይታይ መሪ ጨበጥሽ፤
መናኸሪያው በር ላይ እንደምትታጠፊው
ግራ ከላይ፣ ቀኝ ከታች፣ በሰፊው ዞርሽ፤
ጠርርር።

ከብብትሽ ሥር ስፌቱ ተተረተረ።
እናትሽ «ውይ!» አለች፤ ፍሪዳ ሒሳብ ጀመረች፤
አንቺ ቀይ መብራት እንደያዘው ሰው
እጅሽ አየር ላይ ደርቆ ቀረ።
እኔ ግን፣ ይቅር በይኝ፣ ደስ አለኝ፤
ልክሽን ሜትሬ የደበቀኝን
ክሩ ነገረኝ።

ስሚ እንግዲህ። እጅጌ ቤት ነው፤
ተከራዩ ተነሥቶ መንጠራራት ካልቻለ
ኪራዩ ለምንድነው?
ከብብትሽ ሥር የመዳፍ ያህል ጨርቅ በሰያፍ እጨምራለሁ፤
ማንም አያያትም፤
እጅሽ ሲነሣ ትከፈታለች፣ ሲወርድ ትተኛለች።
እስክስታው ቢመጣ ትከሻሽ አይታሠር፤
መሪ መጨበጥም ቢያምርሽ፣ ያው፣ ሠርግሽ ነው።
የገበሩን ነገር እስከ ሐሙስ አስቢ።

ስትወጪ በመስኮት አየሁሽ፤
ፌርማታው ጋ ቆመሽ፣ ሹራብሽን ሰብስበሽ፣
ለሚያልፍ ሾፌር ግራሽን አውለበለብሽ፤
እሱም ጥሩምባውን ነፋልሽ።

ሐሙስ ደወልሽ። ከኋላሽ የአውቶቡስ በር ይተነፍሳል።
«የግራውን ገበር አውጪው» አልሽ።
«የቀኙንስ?»
«እሱን ገና አልወሰንኩም።»

ጠመኔዬን አነሣሁ።
ጨርቅ ትዕግሥት አለው፤
ሠርጉ ግን ማክሰኞ ነው።